ወጥ ቤት የከረመው ራውተር

ሰኞ፣ ሰኔ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሩብ። እስካቫተር የሰፈሩን የስልክ ኬብል በጠሰው። መንገዱን የሚያሰፉት ሰዎች ናቸው። ባለ ሃምሳ ጥንድ ኬብል ነው፤ ሰፈራችን ሀና ማርያም ገና ሽንብራ ሲዘራበት እኔና የሥራ ባልደረባዬ በንቲ ነን የቀበርነው። ሮጬ ወጥቼ ኦፕሬተሩን "ወንድሜ፣ የስልክ እኮ ነው!" አልኩት። የሆነ ነገር መለሰልኝ፤ ሞተሩ ድምፁን ዋጠው። እጁን ስላወዛወዘ "ዞር በል" ያለኝ መሰለኝ።

ስልካችንም ኢንተርኔታችንም አንድ ላይ ጠፉ። ልጄ ሪሐና ክፍሏ ውስጥ ሥራ ላይ ነበረች።

ሠላሳ ሁለት ዓመት ኬብል ስቀጥል ኖሬ ጡረታ ከወጣሁ ሦስት ዓመቴ ነው። በሥራ ዘመኔ ብልሽቱን፣ ሰዓቱንና የተደረገውን በደብተር እይዝ ነበር። ይኼንንም እንደዚያው እይዘዋለሁ።

ሰኔ 11

ለማመልከት የስልክ መሥሪያ ቤቱ ቢሮ ሄድኩ። ባለቤቴ ዙሌካ "ብቻህን አትሄድም" ብላ ተከተለችኝ። ምክንያቷ አልገባኝም፤ እኔ እዚያ መሥሪያ ቤት አርጅቻለሁ። የመስኮቷ ሠራተኛ ከመስታወት ጀርባ ነው የምታወራው፤ መስታወቱ ድምፅ አያሳልፍም። "እሺ" ብዬ ወጣሁ። በር ላይ ዙሌካን "ምን አለች?" ስላት ቆም ብላ አየችኝ።

ያለችው ይኼን ነው፦ መንገዱ ሳያልቅ ኬብሉ አይቀጠልም። ሁለት ወር፣ ምናልባት ሦስት።

ሪሐና ደግሞ ያላት ሦስት ወር ብቻ ነው። አንድ ድርጅት ለውጭ ደንበኞች የሚሠራውን ፕሮግራም ከቤት ሆና እየሞከረች ስህተት ትፈልጋለች። ሥራውን የጀመረችው በዚህ ወር መጀመሪያ ነው፤ የሙከራ ጊዜዋ በነሐሴ መጨረሻ ያልቃል። ዩኒቨርሲቲ ከጨረሰች በኋላ ሁለት ዓመት ወረቀቷን ይዛ ስትዞር ከርማ ነው ያገኘችው። በየጠዋቱ ሦስት ሰዓት መስመር ላይ ካልታየች ይመዘገብባታል።

ሰኔ 13

ሪሐና ከጀሞ ሲም የሚገባበት ራውተር ገዝታ መጣች። ነጭ ነው፣ የጫማ ካርቶን ግማሽ ያህላል። የመብራት ገመድ እንጂ ሌላ ሽቦ የለውም። ሲም ካርዱ ከሥሩ ይገባል፤ ከማማው የሳበውን ኔትወርክ በዋይፋይ ለቤቱ ያድላል።

"አባዬ፣ ይኼን እስካቫተር አይበጥሰው" አለችኝ።

"አየር ላይ የተንጠለጠለ ነገር መስመር አይባልም" አልኳት።

ሳቀች። ከዚያ ቀስ ብላ ሌላ ነገር ጨመረች፤ አላስደገምኳትም።

ሰኔ 14

ሙሉ ቀን ልኬት። ራውተሩ አራት መብራት አለው።

ሳሎን፣ አንድ መብራት። መኝታ ቤት፣ አንድ። የሪሐና መስኮት፣ አንድ፤ አንዳንዴም ምንም። ጎረቤታችን የሚያስገነባው ፎቅ ማማውን ከልሎባታል፤ ስልኳም እዚያ ክፍል ውስጥ አይሠራም። ወጥ ቤት፣ በጀሞ በኩል ያለው መስኮት፣ የቅመም መደርደሪያው ላይ፣ አራት መብራት።

ዙሌካ "የበርበሬዬን ቦታ ለእሱ ልለቅለት ነው?" አለች። ለቀቀችለት።

ኢንተርኔቱ ይፈጥናል። ከመዳቡ ኬብል እንደሚፈጥን አልክድም።

ሰኔ 20

እህቴ ሀኒፋ ከወራቤ በቪዲዮ ደወለች። ምስሏ ጥርት ብሎ ይመጣል፣ ድምፁ ግን ይቆራረጣል። "ዓይኔ" ስትል ሰማሁ፤ ሌላው ጠፋ። ሪሐናን ጠርቼ "የዚህ ነገር ድምፅ አይረባም" አልኳት። ስልኩን ተቀብላ ከአክስቷ ጋር አሥር ደቂቃ አወራች፣ ሳቀችም። እሷ ስትይዘው መስመሩ ይስተካከላል። ምክንያቱን ላጣራ ይገባል።

ሰኔ 27

ዝናብ። መብራት ከሰባት እስከ አሥር ሰዓት ጠፋ። ሪሐና ራውተሩን የምታስነሳበት ባትሪ ተበድራ መጣች። እኔ እንደገና መደበኛውን ስልክ አንስቼ አየሁ። ጸጥ።

ዓርብ፣ ሐምሌ 4

ጁምዓ ሰላት። የመስጊዱ ድምፅ ማጉያ ተበላሽቷል፤ የኢማሙ ኹጥባ አልተሰማም። ስንወጣ ኃላፊውን አገኘሁትና እንደ ባለሙያ ነገርኩት። አየኝና "ጋሼ ጀማሉዲን፣ ባለፈው ሳምንት ነው አዲስ ያስገባነው" አለኝ። አዲስ ዕቃም ይበላሻል።

ሐምሌ 9

ጀሞ ልወርድ ነበር፣ ለቡ ደረስኩ። ለካ የሚኒባሱ ረዳት መንገዱ ስለተዘጋ ጀሞ አንገባም ብሎ ኖሯል። የዛሬ ረዳቶች ቃል ይውጣሉ። በእግሬ ተመለስኩ፤ ጭቃ በጭቃ።

ሐምሌ 19

በንቲ ከፉሪ መጣ። ከጡረታ በኋላ ወደ አባቱ መሬት ተመልሶ ላምና ጎመን ይዟል። ወተት ይዞልን መጣ። ራውተሩን ላሳየው ወጥ ቤት ወሰድኩት፤ አገላብጦ አየው፣ ከምንም አልቆጠረውም።

ተቀምጠን ስናወራ አንድ ነገር ጠየቀኝ። "አዎ፣ በወጥ ቤቱ መስኮት ይሻላል" ብዬ መለስኩለት። ዙሌካ ሳቀች፣ ወዲያው ደግሞ ሳቋን ዋጠች።

በንቲ ወንበሩን አስጠግቶ ጮክ ብሎ "ጀማሉ! ሐኪም ቤት ሄድክ ወይ ነው ያልኩህ!" አለ።

"ምን ሆኜ?"

ዙሌካን አያት። እሷ ወተቱን ልታፈላ ተነሳች።

በንቲ ድሮም ሲያወራ ያጉተመትማል። ጉድጓድ ውስጥ አብረን ስንሠራ ጄኔሬተሩ እያንባረቀ በእጅ ምልክት ነበር የምንግባባው። ያኔ የሚያስቸግረን ነገር አልነበረም።

ሐምሌ 26

ሪሐና ሁለት ጊዜ ተቋርጦባት ተመዘገበባት። አንዱ በመብራት፣ አንዱ ከሰዓት በኋላ ሰው ሁሉ ሲገባ ኔትወርኩ ስለሚጨናነቅ ነው። አለቃዋ አዶኒያስ የሚባል ልጅ ነው፤ ቢሮው ቦሌ ነው። ክፉ አይደለም ትላለች። "ሦስተኛ ግን እንዳይደገም ብሎኛል።" ይኼን ሳህን እያነሳች፣ ፊቷን ወደኔ አድርጋ ነው የነገረችኝ፤ ሙሉውን ሰማሁት።

ነሐሴ 6

ወጥ ቤት እናትና ልጅ ጀርባቸውን ሰጥተው ያወራሉ። "አንቺ ንገሪው" የሚል ሰማሁ። "አባትሽ" የሚልም። መደበኛውን ስልክ ሊያስነቅሉ ነው። እኔ በሕይወት እያለሁ አይነቀልም። ማንም ምንም ስላልጠየቀኝ ግን አልተናገርኩም።

ነሐሴ 12

ቴሌቪዥኑ ከምሽት ዜና ጀምሮ ድምፁ ቀንሷል። እኔ ከፍ አደርጋለሁ፣ ዙሌካ ትቀንሳለች። ሪሐና በሯን ዘግታ ማዳመጫ ታደርጋለች። ቀድሞ ሳሎን ነበር የምትቀመጠው።

ነሐሴ 19

ራት ላይ ሪሐና እጇን እየታጠበች አንድ ነገር ነገረችኝ። ውኃው ይፈስ ነበር። "እሺ" አልኳት።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 20

ጠዋት። ራውተሩን ነቀልኩት። ሪሐና ሥራ ላይ ነበረች። ማታ እጽፈዋለሁ።

ያው ቀን፣ ከመግሪብ ሰላት በኋላ

እንደ ብልሽት ዘገባ ልጻፈው።

አራት ሰዓት ከአምስት። ሀኒፋ ደወለች። አፏ ይንቀሳቀሳል፣ ቃሉ አይደርሰኝም። ፊቷ ከወትሮው ሌላ ነው፤ አንድ ነገር እየለመነችኝ ይመስላል። ራውተሩ ስለራቀኝ ነው ብዬ ወሰንኩ። ወጥ ቤት ገብቼ ነቀልኩት፣ ሳሎን አምጥቼ ከቴሌቪዥኑ ጎን ሰካሁት። ሳሎን አንድ መብራት ብቻ እንደሚያሳይ ራሴ ለክቼ ራሴ መዝግቤያለሁ። ይኼን ያደረገ ሠራተኛ በእኔ ሥር ቢሆን ኖሮ በጽሑፍ አስጠነቅቀው ነበር።

መብራቱ እስኪመጣ ሦስት ደቂቃ ያህል ጠበቅሁ። ደግሜ ለሀኒፋ ደወልኩ። ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍ አድርጌ ስልኩን ቀኝ ጆሮዬ ላይ ለጠፍኩት።

በዚያ ሰዓት ሪሐና የሦስት ወር ሥራዋን ለደንበኞቹ ታቀርብ ነበር። የተሰጣት አሥራ አምስት ደቂቃ ነው። ትናንት ማታ እጇን እየታጠበች የነገረችኝ ይኼንኑ ኖሯል፤ "ነገ አራት ሰዓት ላይ ራውተሩን እንዳትነካብኝ።" እኔም እሺ ብያለሁ።

ከክፍሏ ስትጣራ አልሰማሁም። በሩን ስትከፍት አልሰማሁም። ፊቴ መጥታ ስትቆም አየኋት፤ ከንፈሯ "አባዬ፣ አባዬ" ይላል። ስልኩ ጆሮዬ ላይ እንዳለ እጄን አንስቼ "ቆይ" አልኳት። ይኼ መጻፍ አለበት። ቆይ አልኳት።

ራውተሩን ነቅላ ወደ ወጥ ቤት ሮጠች። እንደገና ሦስት ደቂቃ። ስትገባ ደንበኞቹ ወደ ሌላ ሰው አልፈው ነበር።

አልጮኸችብኝም። ወይም ጮኻብኝ ይሆናል። ፊቷ ግን እንደሚጮህ ሰው አልነበረም።

ዙሌካ ከገበያ ስትመለስ ነገርኳት። "ድምፁ ስለተቆራረጠብኝ ነው" አልኳት። ዘንቢሉን መሬት አስቀምጣ ወደ ሪሐና ክፍል ገባች።

ነሐሴ 21

ሪሐና ከክፍሏ ለምሳ አልወጣችም።

ነሐሴ 22

ወጣች። ሰላም አለችኝ። ሌላ የለም።

ነሐሴ 25

ዙሌካ አልጋው ጫፍ ላይ ከግራዬ ተቀመጠች። አሁን ሁልጊዜ በግራዬ ነው የምትቀመጠው፤ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ አላስተዋልኩም። "አዶኒያስ ምን ሆነሽ ነው ብሎ ሲጠይቃት ምን እንዳለችው ታውቃለህ?" አለችኝ።

"አላውቅም።"

"ኔትወርክ ነው አለችው። አባቴ ነቀለው አላለችም።"

"ለምን አላለችም?"

"እሷን ጠይቃት።"

አልጠየቅኳትም።

ነሐሴ 29

ደብዳቤው በኢሜይል መጣ። የቤቷ ግንኙነት አስተማማኝ ስላልሆነ የሙከራ ጊዜዋ አልጸደቀም። ሪሐና ለእናቷ አነበበችላት። ለእኔ ዙሌካ ስልኩን ሰጠችኝና ራሴ አነበብኩት። አራት መስመር ናት። በዚህ ክረምት ራውተሩ በራሱ ጥፋት ያቋረጠው አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ከደብተሬ አይቼ አረጋገጥኩ።

ሰኞ፣ ጳጉሜ 3

ኬብሉ ተቀጠለ። የመጣችው ሠራተኛ ወጣት ሴት ናት፤ ባጇ ላይ ገዲሴ ይላል። ቅጥሏ ንጹሕ ነው፤ ቆሜ አየኋት። ስትጨርስ ገብታ የቤቱን ስልክ ሞከረች፣ ለኔ ሰጠችኝ።

"ቶን አለው አባባ፣ ይሞክሩት።"

ቶኑን፣ መስመር መኖሩን የሚነግረውን ድምፅ፣ ልሰማ ቀኝ ጆሮዬ ላይ አደረግሁት። የሥራ ጆሮዬ ነው፤ ሠላሳ ሁለት ዓመት በእሱ ነው መስመር የፈተሽኩት። ጸጥ።

"የለውም" አልኩ።

"አለው አባባ።"

"የለውም! ቅጥልሽን ድገሚው! እኔ ይኼን ሥራ አንቺ ሳትወለጂ ነው የጀመርኩት።"

ልጅቷ ቀላች። ዙሌካ መጥታ እጀታውን ከእጄ ወሰደችና ጆሮዋ ላይ አደረገችው። ከዚያ ወደ ሪሐና ዘረጋችው። ሪሐናም ሰማች። እጀታውን በሁለት እጇ ይዛ ታየኝ ጀመር። ከዚያ መጥታ ግራ ጆሮዬ ላይ አስጠጋችልኝ።

ከሩቅ፣ እንደ ትንኝ፣ ቶኑ አለ።

ገዲሴን ይቅርታ ጠየቅሁ። ሻይ አልጠጣም አለች፤ ሌላ ሰፈር ይጠብቃታል። ስትወጣ "ኢንተርኔቱንም በዚሁ ላስቀጥልላችሁ?" ብላ ጠየቀች፤ ሪሐና ናት ደግማ የነገረችኝ። ሲሙ ይሻለናል፣ ስልኩ ብቻ ይበቃል አልኩ።

ስልክ፦ መስመሩ ጤነኛ ነው። ብልሽቱ የመስመሩ አይደለም።

ጳጉሜ 4

ዛሬ ደብተሩን ከመጀመሪያው አነበብኩት። መስታወቱ። ድምፅ ማጉያው። የሚኒባሱ ረዳት። በንቲ። ቴሌቪዥኑ። ይኼን ያህል ዕቃና ሰው በአንድ ክረምት አይበላሽም።

ለዙሌካ "ከመቼ ጀምሮ ነው?" አልኳት።

"ሦስት ዓመት ይሆነዋል። ስንነግርህ ትቆጣለህ።"

"ተቆጥቼ ነበር?"

"አምና ረመዳን ላይ ሪሐና ስትነግርህ ሁለት ቀን አላናገርካትም።"

ይኼን አላስታውሰውም። አልዋሸችም ግን።

የሀኒፋንም ነገረችኝ። ነሐሴ 20 የደወለችው ዓይኗን ቀዶ ሕክምና ልታደርግ ስለነበር ከጎኗ እንድሆን ልትለምነኝ ነው። "ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ" ብዬ መለስኩላት አሉ። ከጎረቤት ጋር ሄዳ ተሠርታ ገባች። ዛሬ ዙሌካ አጠገቤ ሆና እየደገመችልኝ ይቅርታ ጠየቅኋት። ሀኒፋ "ወንድሜ ሞተብኝ ብዬ ነበር" አለች። ዙሌካ ይኼን ልትደግመው አልፈለገችም፤ አስገደድኳት።

መስከረም 5 ቀን 2018

የጆሮ ምርመራ። ጠባብ ክፍል ውስጥ አስገቡኝ፣ ማዳመጫ አጠለቁልኝ። ድምፅ በሰማሁ ቁጥር አንድ ቁልፍ እንድጫን ነገሩኝ። ተጫንኩ። ብዙ ጊዜ ተጫንኩ። ስወጣ መርማሪው ውጤቱን እያየ ቀስ ብሎ፣ ፊት ለፊቴ ሆኖ፣ "አባት፣ ምንም ሳልልክ ነው እኮ የሚጫኑት" አለኝ።

አለቃ ሆኜ ወጣቶችን ስፈትን ያልሰማውን ሰማሁ የሚልን ሠራተኛ አላሳልፍም ነበር።

ቀኙ ሄዷል። ግራው ግማሽ ያህል ቀርቶታል። ምን እሠራ እንደነበር ጠየቀኝ፤ ነገርኩት፤ ራሱን ነቀነቀ። የማዳመጫ መሣሪያው ከአንድ ወር በኋላ ይደርሳል።

ሪሐና ናት ያጀበችኝ። ስንመለስ ሚኒባስ ውስጥ በግራዬ ተቀመጠች። "ለምን ኔትወርክ ነው አልሻቸው?" ብዬ ጠየቅኋት። ሰው ሁሉ ዞሮ አየን፤ ጮኬ ኖሯል። ጆሮዬ ድረስ ጎንበስ ብላ፣ "አባቴ አይሰማም ብዬ ለባዕድ ሰው ልናገር?" አለችኝ። "አንተ ራስህ ያላልከውን?"



ሐሙስ፣ መስከረም 8

ጠዋት ሦስት ሰዓት ሲሆን ሪሐናን ለአዶኒያስ ደውይልኝ አልኳት።

"አባዬ፣ አያስፈልግም። አለቀ እኮ።"

"በቪዲዮ ይሁን። አፉን ማየት አለብኝ።"

ወጥ ቤት ገባን፤ ኔትወርኩ እዚያ ስለሚጠነክር። ዙሌካ እሳቱን አጠፋች። ልጁ ቀረበ፤ በዕድሜ ከጠበቅኩት ያነሰ ነው፣ ጺሙ ግን ከንፈሩን ሸፍኖታል።

"አቶ አዶኒያስ፣ ጀማሉዲን እባላለሁ፤ የሪሐና አባት ነኝ" አልኩት። "ያን ቀን ኔትወርክ አልጠፋም። ራውተሩን የነቀልኩት እኔ ነኝ። ማታ እንዳልነካው ነግራኝ ነበር። ጆሮዬ አይሰማም፤ ሳልሰማት እሺ አልኳት። ስትጣራም አልሰማኋትም። ኔትወርክ ነው ያለችው እኔን ልትሸፍን ነው። ጥፋቱ የእሷም የራውተሩም አይደለም።"

ይኼን ለውጭ ሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነው። ለቤተሰቤም እንዲህ ቁርጥ አድርጌ አልተናገርኩትም ነበር።

ጺሙ ተንቀሳቀሰ። ረጅም ነገር ነው የተናገረው። ሲጨርስ ጠበቀኝ፤ መልስ የሚፈልግ ነገር ነው ማለት ነው። "እሺ" የምትለው ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሳ ነበር።

"አልሰማሁም" አልኩት። "ይድገሙልኝ።"

ደገመልኝ። "ጥቅምት" የሚለውን ብቻ ያዝኩ። ሪሐና ልትነግረኝ አፏን ስትከፍት በእጄ ከለከልኳት። ከእሱ ልሰማው ፈለግሁ።

"ይቅርታ፣ አሁንም አልሰማሁም።"

ልጁ ወደ ካሜራው ቀረበ። ጺሙን በእጁ ወደ ታች ጨቆነና፣ ከንፈሩን አሳይቶ፣ ቃል በቃል ተናገረ። "ያ ቦታ ለሌላ ሰው ተሰጥቷል። በጥቅምት አዲስ ቡድን እንጀምራለን። ሪሐና ትምጣ። ሙከራው ግን ከዜሮ ነው። ትመጣለች ወይ?"

ሰማሁት። ሙሉውን ሰማሁት።

መልሱ የእሷ ስለሆነ ወደ ሪሐና ዞርኩ። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ነበር፣ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ዙሌካ ከኋላዋ አቅፋታለች። ድምፅ አውጥታ ታልቅስ ወይም ሳታወጣ፣ አላውቅም።